የባስልዮስ ስኮርት ጎማ

ሞላሌ ከተማ፣ በጎሚስታው በታዲዮስ ሱቅ፣ ከበሩ በስተቀኝ ምስማር አለ። ምስማሩ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ባና፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ይሰቀል ነበር። ባናውን ባለቤታቸው ጥሩሸዋ ፈትላ ያሠራችው ሲሆን ዳር ዳሩ ላይ ነጭ መስመር ነበረው። ከሞላሌ ወደ ጓሳ ብርድ የሚወጣ ሾፌር ከምስማሩ አውርዶ ሞተሩ እንዳይበርደው የመኪናውን አፍንጫ ያለብስበት ነበር። ሲመለስ ይሰቅለው፤ ወይም መንገድ ላይ ለተቸገረ ያቀብለው ነበር። ስም አይጠየቅም ነበር። ልማዱን ያስጀመሩት ታዲዮስ ናቸው።

በጥር አንድ ማታ ባስልዮስ የተባለ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር መጣና የተነፈሰ ብቸኛ መጠባበቂያውን፣ ስኮርት ጎማውን፣ ከምስማሩ ሥር ግድግዳው ላይ አስደግፎ አቆመ። «ስመለስ እወስዳታለሁ» ብሎ ባናውን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ከተማው ውስጥ ሠርግ ነበር። ከጓሳ በኩል የመጣ ኤንትሬ ጭነት መኪና በሠርገኞቹ አጠገብ አልፎ፣ ከከተማው መውጫ ላይ መርስዔ ኃዘን የተባለውን ገበሬ ገጭቶ ሳይቆም ሄደ። መርስዔ ኃዘን ሞተ። መኪናው ሲያልፍ የሠርጉ ካሜራ ቀርጾት ስለነበር፣ የከተማው ፖሊስ በነጋታው ካሴቱን በቪዲዮ ቤቱ ቴሌቪዥን አስከፈተና ታዲዮስን አስጠራ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል።

«ፈረስ በጥርሱ፣ መኪና በጎማው ነው የሚታወቀው። ጋሽ ታዲዮስን ጠይቋቸው» አለ አንዱ ከኋላ።

ምስሉ ቆመ። ከመኪናው አፍንጫ የተንጠለጠለው ባና ታርጋውን ሸፍኖታል፤ የምትታየው የመጨረሻዋ ሰባት ቁጥር ብቻ ናት። ታዲዮስ ነጩን መስመር አዩ። የባስልዮስም ታርጋ በሰባት ይጨርሳል።

«የባስልዮስ ነው» አሉ።

«ይምሉበታል?»

«እምልበታለሁ።»

የሟቹ ሚስት ኮከቤ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

ባስልዮስ ከጓሳ ማዶ ካለው ከራቤል ሲመለስ ተያዘ። በሠርጉ ዕለት ጓሳ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት እንደቆመ፣ ባናውንም ለሚወርድ ሾፌር እንደሰጠ ተናገረ። የመሰከረለት ረዳቱ ብቻ ነው፤ የረዳትን ቃል ማን ይቀበላል? ታሰረ። ኮከቤ የካሳ ክስ መሠረተች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሾፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ገባ።

«ጋሽ ታዲዮስ፣ ይቺን ጎማ ባለቤቷ ጠልቷታል መሰለኝ። ለእኔ ይሽጡልኝ።»

«የባስልዮስ ስኮርት ናት።»

«ያለ ስኮርት ነው እንዴ ጓሳን የወጣው? ደፋር ነው» ብሎ ሳቀ።

ታዲዮስ ወደ ጎማው ዞሩ። ሁለት ቀን ለማንም ሳይተነፍሱ ከጎማው ጋር ዋሉ። በሦስተኛው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ካሴቱን እንደገና እንዲያሳዩአቸው ለመኑ። መኪናው ካሜራውን አልፎ ጎኑን ሲሰጥ «እዚህ ላይ አቁመው» አሉ። ከጭነቱ ሥር፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት፣ ስኮርቱ በቦታው ተንጠልጥሏል። ያን ቀን ምስሉ እዚህ ሳይደርስ ተናግረው ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረውን አላዩትም፤ ሰው እያመሰገናቸው ነበር።

«ምን አዩ?» አለ ፖሊሱ።

«መጀመሪያ የምነግራት ሰው አለች።»

ኮከቤ ደጇ ላይ ገብስ ስታበጥር አገኟት።

«ኮከቤ፣ ያ መኪና የባስልዮስ አይደለም።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «የማን ነው ታዲያ?»

«አላውቅም።»

«ያኔ ያወቁትን አሁን እንዴት አጡት?»

«ያኔ ያየሁት ባናውን ነው። መኪናውን አላየሁም።»

«ምለዋል እኮ፣ ጋሽ ታዲዮስ።»

«ምያለሁ።»

ገብሱን በጣቷ ነካካች። «ካሳው ከሌለ ልጆቹን በምን አሳድጋለሁ? ዝም ቢሉስ?»

«ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ። ጎማው ግን ሱቄ ውስጥ ነው።»

«ይሂዱና ይናገሩ» አለች ቀና ሳትል። «እጅዎን ስሜ ነበር።»

ሄደው ተናገሩ። ባስልዮስ በሰኔ ተፈታ። ራሱ አልመጣም፤ ጎማዋን የወሰደለት ረዳቱ ነው። የኮከቤ ክስ ተዘጋ። ባናው ወደ ምስማሩ አልተመለሰም። ገጭቶ ከሄደው መኪና እስካሁን የታወቀው የታርጋው የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰባት።