የውሻው ስም

ታይቱ የውሻውን አንገት በሁለት እጇ አቅፋ፣ ጉልበቷን በፊት እግሮቹ ላይ አሳርፋ መደቡ ሥር ተዘርግታለች። ደጅ የጭነት መኪና ቆሟል። ሰዎች ዕቃ እያወረዱ ነው፤ የብረት አልጋ ከግድግዳው ጋር በተጋጨ ቁጥር ውሻው ይወራጫል።

"ቡቺ፣ አይዞህ ቡቺ" አለችው በሹክሹክታ።

ውሻው ቡቺ የሚባለው ማን እንደሆነ አያውቅም። ጆሮውን እንኳ አላቆመም።

ከተሰፋ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የጎረቤት ላም በወለደች ማግስት፣ ይህ ዓመት ያልሞላው ቂል ጥጃዋን ላጫውት ብሎ ሲጠጋ በቀንዷ ሆዱን ተረተረችው። የፎገራ ላም አራስ ስትሆን ባለቤቷንም አታምን። ታይቱ አንጀቱን በነጠላዋ ደግፋ ከወረታ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሸክማው ሮጠች። የከብት ሐኪሙ አለኸኝ፣ በሬ እንጂ ውሻ ሰፍቶ አያውቅም ነበር፤ ቢሆንም ፊቷን አይቶ እምቢ ማለት አቃተውና በመርፌ አደንዝዞ ሰፋው።

"እናቴ፣ የውስጡ ስፌት ከተበጠሰ እኔም አልደርስለትም" አላት እጁን እየታጠበ። "አሥር ቀን እንዳይዘል፣ እንዳይሮጥ፣ ገመድ እንዳይጎትት። ወጣት ስለሆነ ደሙ አያስቀምጠውም። ሲነሣሣ ስሙን እየጠሩ ይዳብሱት። ሌላ መድኃኒት የለኝም።"

ስሙ ማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ጣጣው ያለው ደግሞ እዚያው ስሙ ላይ ነበር። የውሻው ስም ያልፋል ነው።

በአገሩ ልማድ ውሻ ስም የሚወጣለት ለራሱ ሳይሆን ለሚሰማው ሰው ነው። ጎረቤቱ ያስቀየመው ሰው ውሻውን "ምን በደልኩህ" ብሎ ይሰይምና ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጣራል፤ የሚገባው ይገባዋል። የታይቱ ባል መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ለቡሄ የተቀኙት ቅኔ ወርቁ መንግሥትን ይነካል ተብሎ ደብረ ታቦር ከታሰሩ ዘጠኝ ወር አልፏቸዋል። በተወሰዱ በሦስተኛው ቀን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ባሕር ሲሆን፣ ጎርፍ ያመጣው አንድ ቡችላ ደጃፏ ላይ ተገኘ። ታይቱም አንሥታ አደረቀችውና ያልፋል አለችው። ከዚያ ወዲህ ለሰው የማትናገረውን ቃል በቀን አርባ ጊዜ ለውሻ ትናገራለች። ባለችው ቁጥር ደረቷ ቀለል ይላት ነበር።

አሁን ግን ፈርታለች። ሐሙሲት ላይ አንድ ነጋዴ ጠላ ቤት ተቀምጦ "ይህም ያልፋል" ስላለ ተወሰደ የሚል ወሬ ከሰማች ሁለት ሳምንት አልሞላም። የቅኔ ተማሪዎች ያድሩበት የነበረው ክፍሏም ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ተወርሷል፤ ዛሬ ደግሞ አዲሱ ካድሬ፣ ጓድ ደሳለው፣ ሊኖርበት እየገባ ነው። በእሱና በእሷ መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእሷ የተተረተ መሰላት።

ንግሥቲ በጓሮ በር ገባች። ውሻውን የወጋችው ላም ባለቤት እሷ ናት፤ በዚህ የተነሣ በየቀኑ ወተት ይዛ ትመጣለች።

"ውሻ ከመሪጌታ ቤት ውስጥ" አለች ቅሉን እያስቀመጠች። "ሰው ምን ይል?"

"ዳዊታቸውን ከጎረቤታችን ከደብረወርቅ ቤት አስቀምጨዋለሁ።"

"ስሙንሳ? እንዳትጠሪው ብያለሁ።"

"አልጠራሁትም። ካልጠራሁት ደግሞ አይተኛልኝም።"

"ሌላ ስም አውጭለት።"

"ቡቺ ብለው ጎረቤት የጠራሁ መሰለው።"

ንግሥቲ ጥቂት አሰበች። "ድል በትግል በይው።"

"ውሻን ድል በትግል ብዬ ስጠራ ቢሰሙኝ የባሰ መሰቀያዬ አይደለም?"

ሁለቱም ሳቃቸው መጣና አፋቸውን በነጠላ አፈኑ። ግድግዳው ማዶ የወንድ ድምፅ ሲሰማ ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

"እንግዲያውስ ይሙት" አለች ንግሥቲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የእኔ ላም ናት የገደለችው፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። አንች ከታሰርሽ ለሳቸው ስንቅ ማን ያደርሳል?"

ንግሥቲ ያለችው እውነት ነው። ውሻው ትንፋሹን እያስረዘመ የታይቱን እጅ ይልሳል፤ እሷም ንግሥቲ ስትወጣ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ከቀትር በኋላ መኪናው ሄደና ጸጥታ ሆነ። ውሻው እንቅልፍ ሲያሸልበው እሷም ጀርባዋን መደቡ ላይ አስደገፈች። ልክ በዚያን ጊዜ ካድሬው ግድግዳውን በመዶሻ መምታት ጀመረ። ሥዕል ሊሰቅል ይሆናል። ጭቃው በእነሱ በኩል ይረግፋል።

ውሻው ተስፈንጥሮ ተነሣ። የአንገቱ ገመድ ያዘው፤ ወደቀ፤ ደግሞ ተነሣ። ታይቱ ላዩ ላይ ተኛችበት። ሆዱ የታሰረበት ጨርቅ ላይ አውራ ጣት የምታህል ደም ወጣች። "ቡቺ" አለችው፤ "የኔ ጌታ" አለችው፤ "ተው ልጄ" አለችው። አልሰማትም። በጆሮው ስሙን ሹክ አለችው፤ መዶሻው ዋጠው። ደሙ መዳፍ አከለ። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ አሁንም መዶሻው በለጣት።

"ያልፋል!"

የጮኸችው መዶሻው ካቆመ በኋላ ነበር። ቃሉ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ። ውሻው ጆሮውን አቁሞ ቀስ ብሎ ተኛ። ታይቱ የግድግዳው ማዶ በር ሲከፈት፣ ከዚያም ጫማ ግቢውን ሲሻገር ሰማች። የውሻውን አንገት እንዳቀፈች እዚያው ቀረች።

ካድሬው መዶሻውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው።

"እንደምን ዋሉ? አንድ ነገር ሲሉ ሰማሁ።"

"ውሻውን ነው ጌታ... ጓድ። ቆስሎብኝ ነው።"

"ስሙ ነው?"

"ስሙ ነው።"

"መሪጌታ ናቸው ያወጡለት?"

አዎ ብትል ነገሩ ከእሷ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን በቃል ምክንያት በታሰሩት ሰው ጫንቃ ላይ ነው።

"የለም፣ እኔ ነኝ ያወጣሁለት። እሳቸው ውሻውን አይተውትም አያውቁ።"

"የሚያልፈው ምኑ ነው?"

ታይቱ ከቅኔ መምህር ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች። ለሰው ሁሉ ግን ቅኔ አይገባኝም ነበር የምትል።

"ክረምቱ ነዋ። ጎርፍ ያመጣው ቡችላ ነው። ያን ጊዜ ውኃው ከዚህ መደብ ደርሶ ነበር። ያልፋል አልሁ፤ አለፈ።"

ደሳለው መደቡን አየ። ዓይኑ በግድግዳው ላይ ሄዶ ዳዊቱ ተሰቅሎ የነበረበት ባዶ ችካል ላይ ቆመ።

"እኔም ልጅ ሳለሁ ጣራ ገዳም ቅኔ ቆጥሬያለሁ" አለ። "እርስዎ ሰሙን ነገሩኝ።"

ወርቁን ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። አልጠየቃትም። ውሻው እያጉረመረመ ሊነሣ ሲል ሰውዬው መዶሻውን መሬት አስቀምጦ ቁጢጥ አለና እጁን ዘረጋ።

"ያልፋል" አለው። "ያልፋል።"

ውሻው እጁን አሽትቶ አገጩን መሬት ላይ አስተኛ። ደሳለው መዶሻውን አንሥቶ ተነሣ።

"ነገ ጠዋት ቀበሌ ብቅ ይበሉ።"

"ምነው በደኅና?"

"የቤቱ ጉዳይ ነው" አለና ሄደ።

መሪጌታንም ሲወስዷቸው የሰንበቴ ጉዳይ ነው ብለው ነበር። ታይቱ ጨርቁን ገልጣ ስፌቱን ነካካችው፤ የውስጡ ይዟል። ከዚያም ለቅዳሜው የእስር ቤት ስንቅ ያዘጋጀችውን ዳቦ ቆሎ አወጣችና ሁለት ቦታ ከፍላ ቋጠረች። አንዱን ለደብረ ታቦር፣ ሌላውን ከጋቢዋ ጋር በሩ ሥር አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ በአጥሩ ላይ ንግሥቲን ጠራች።

"ነገ ቀበሌ ተጠርቻለሁ፤ በዚያው ከቀረሁ ስንቁን አድርሽልኝ። ውሻውም አራት ቀን ቀርቶታል። ሲነሣሣ ዳብሽልኝ።"

ንግሥቲ ፊቷ ጠቆረ። ወደ ካድሬው መስኮት አየችና በሹክሹክታ ጠየቀች። "ማን ብዬ ልጥራው?"

የካድሬው መስኮት ክፍት ነበር። ታይቱም አይታዋለች።

"ያልፋል በይው" አለች፣ ዱሮ እንደምትጣራው አድርጋ። "ጮክ ብለሽ ጥሪው። በሹክሹክታ አይሰማም።"