ሁለት ለስፌት

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ «ሁለት ጨምር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጥ ከተለካው ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ለስፌት ሳይተው መቀስ አንስቶ አያውቅም። የሰፋ ይጠባል፣ የጠበበን ግን ጸሎትም አያሰፋውም ይላል። የሰርጌን ቀሚስ የሰፋው እሱ ነው። ውስጡ በተወው ትርፍ አራት ጊዜ አስፍቼዋለሁ፤ ዛሬም ይሆነኛል። ስለዚህ በቅጽል ስሙ የምስቅ እኔ አይደለሁም።

ጠዋት ጠዋት በሙያ ማሠልጠኛ ልብስ አቆራረጥ ያስተምራል፣ ከዚያ መጥቶ ሱቃችን ውስጥ ይሰፋል፤ እኔ ቁልፍና ገበር እሠራለታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲያስተምር ማስረጃ አምጣ ያለው ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ። የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት አልጀብራ ያላለፈ አሠልጣኝ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል ይላል። ያ ሁሉ እጅ ቁጭ ብሎ ክርና መርፌ ሊያድል። ለእሱ ይህ ከሞት አይተናነስም። ለእኔም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ ሠልጣኞቹን ሲቆጣ ካልዋለ ቤት ገብቶ የሚቆጣው እኔን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ መግባት ጀመረ። መምህሯ የሴት ልጃችን እኩያ ናት። የመጀመሪያው ቀን ተመልሶ ያወራኝ ስለ አልጀብራ ሳይሆን ስለ ኮቷ ነበር። የግራ ትከሻው ወርዷል፣ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እጅጌው ክርኗ ድረስ ይሸሻል፣ ይህን እያየ ማን ይማራል አለኝ። ኤክስ የሚሉትን ነገር ደግሞ ገና ሳይተዋወቁ ጠላው። ላልመጣ ደንበኛ ልብስ ስፋ እንደማለት ነው ብሎ ተናደደ። ቢሆንም እየተነጫነጨ ደብተር ሞላ። በሁለተኛው ወር ላይ ትዕግሥቱ አለቀና አዲስ ኮት እንዲሰፋላት ጨርቅ እንድታመጣ መምህሯን አግባባት። ልኳን ወሰደ፤ ጨርቁም መደርደሪያ ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ ጀመር።

ፈተናው መጣ። ማለፊያው ሃምሳ ነው፤ ባሌ ዘጠኝ አገኘ። የቀረው ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚሰጥ አንድ ድጋሚ ፈተና ብቻ ሆነ። መምህሯ ስትጠራው አብሬው ሄድኩ፤ ሲናደድ አፉን አይሰበስብም። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ግራ ገብቷት ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልን። አሠራሩ ትክክል ነው። መልሱ ግን ስድስት መሆን ሲገባው ስምንት፣ አሥር መሆን ሲገባው አሥራ ሁለት፤ ከላይ እስከ ታች እንዲያ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከማን ነው የቀዱት?» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

«እኔ ከማንም አልቀዳም» አለ። «ስድስት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለቱን ለጥንቃቄ ነው የተውኩት። ቢበዛ አንቺ ትቀንሽዋለሽ፤ ቢያንስ ግን ከየት ታመጭዋለሽ?»

መምህሯ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም መስኮት መስኮቱን አየሁ። በመጨረሻ እንደምንም ድምጿን አስተካክላ፣ በአልጀብራ ትርፍ አይተውም፣ ልክ ልኩን ነው የሚጻፈው ብላ መከረችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ልክ ልኩን ሆነ። ባሌ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ዳቦውን እየለካ ይቆርጣል፤ የሻይ ስኳሩን ማንኪያው ላይ በቢላ ይደለድላል። ድንገት እንግዳ ቢመጣ ብዬ አንድ ሰሃን ስጨምር፣ ስንት ሰው ነን ብሎ መልሶ ይሰቅለዋል። መልመጃው ግን ሠመረለት፤ ሳምንት ሙሉ አንዲት ትርፍ አልጻፈም። እሰይ አልኩ። እሰይታዬ ኮቱ እስኪሰፋ ድረስ ብቻ ነበር።

ድጋሚ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው መምህሯ ኮቷን ልትሞክር ሱቃችን መጣች። አንድ እጇን አስገባች፣ ሁለተኛውን በግድ አስገባች፣ ከዚያ ቆማ ቀረች። እጆቿ ወደ ጎን ተገትረው አልወርድ አሉ። ቁልፉና ቀዳዳው እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ቆመው አልገናኝ አሉ። ባሌ ጠርዙን ገልጦ አየ። ልክ ልኩን ነበር የቆረጠው። ለስፌት የገባው ሁሉ ከኮቱ ላይ ተቀንሷል።

በሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። በርጩማው ላይ ዘፍ አለና መቀሱን ወደ እኔ ገፋው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ። «አልጀብራውን ገና ሳላልፍ እጄን አጣሁ። ግምጃ ቤቱ ይሻለኛል።»

አንጀቴን በላው። ኮቱን ከመምህሯ ላይ አውልቄ መተርተር ያዝኩ። መጀመሪያ ቁልፎቹን፣ ቀጥሎ ገበሩን፣ ቀጥሎ እጅጌውን። መምህሯ የጠበባት እጅጌው ሆኖ ሳለ ለምን ከእሱ እንዳልጀመርኩ ጠየቀችኝ። መጨረሻ የተሰፋው ነው መጀመሪያ የሚተረተረው፣ ይህ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል አልኳት።

መምህሯ ወደተተረተረው እጅጌ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ከባሌ ኪስ ጠመኔውን አውጥታ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፤ ሦስት ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ እኩል ይሆናል ሃያ።

«ጋሼ፣ ኤክስ ገላው ነው» አለች። «በሦስት ተባዛ፣ ከዚያ ሁለት ተጨመረለት። ሃያው ያለቀው ልብስ ነው። እርስዎ የሚጠየቁት ተርትረው ገላውን እንዲያገኙ ነው። ሁለቱን እኮ እኔ ጥያቄው ውስጥ ትቼዋለሁ። እርስዎ ደግመው ነው የሚተዉት።»

ባሌ ከበርጩማው ተነሣ። ጠረጴዛውን ትክ ብሎ አየው።

«መጀመሪያ ሁለቱ ይተረተራል» አለ ቀስ ብሎ። «አሥራ ስምንት። ከዚያ ለሦስት ይካፈላል። ስድስት።» ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው ለምን አልነገርሽኝም?»

የዚያን ዕለት ጠረጴዛው እስኪነጣ ድረስ አብረው ሲተረትሩ ዋሉ። ኮቱን በተረፈው ጨርቅ ጎንና ጎኑን ቀጥሎ አሰፋው፤ አሁን ደግሞ ለስፌት ሁለት ሁለት ትቶ። መምህሯ ፈተናውን ስትቆጣጠር የለበሰችው እሱን ነበር። ባሌ ጥያቄው በከበደው ቁጥር ቀና ብሎ ኮቱን እያየ፣ መጨረሻ የተሰፋው የቱ ነው እያለ ሠራ። ደግሞም በጣም አዝጋሚ ነው፤ ወረቀቱ ሲሰበሰብ ብዙ ጥያቄ ገና አልነካም ነበር።

ውጤቱን መምህሯ ራሷ ሱቅ ድረስ አመጣችው። ባሌ ጀርባውን ሰጥቶ መቀስ ይስል ነበር፤ የሰማ አልመሰለም። ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ገለጥኩትና ሃምሳ ሁለት፣ አልፈሃል አልኩት።

መቀሱን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በጠመኔው አቧራ አመካኘ። መምህሯ ትንሽ ቢፈጥኑ ኖሮ ከዚህ በላይ ያገኙ ነበር ብላ ወቀሰችው።

«ምን አነሰኝ?» አላት። «ሃምሳው ልኩ ነው። ሁለቱ ለስፌት ነው።»