የባለቁልፉ ማይክሮስኮፕ

ተለማማጇ መምህርት ወደዚያ አገር የሄደችው በልውውጥ ነው። የሷ ኮሌጅ አንድ ሰው ይልካል፣ የዚያኛው አገር ኮሌጅም አንድ ሰው ይልካል፤ ሁለቱም በሰው ትምህርት ቤት ሦስት ወር ያስተምራሉ፣ ነጥብ ይሞላላቸዋል፣ ይመለሳሉ። ከመቶ ስድሳ ያመጣ ይመረቃል፤ ያላመጣ ዓመቱን ይደግማል። የመምህራኑ ማረፊያ ክፍል የሰው ስም መያዝ የሚከብዳቸው ሰዎች የሞሉበት ስለነበር፣ በሁለተኛው ቀን ስሟ «ልውውጥ» ሆኖ ቀረ።

«ልውውጥ፣ እዚያ አትቀመጪ! የታሪክ መምህሩ ወንበር ነው።»

«ዛሬ አልመጣም እኮ።»

«እሱ ባይመጣስ? ወንበሩ መጥቷል።»

ሳቁ። ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወርደው የስፖርት መምህር ደግሞ ዳቦውን እያኘከ፣ «እኛ የላክነው ልጅ ሰነፍ ነበር፤ በሱ ምትክ የመጣችው ምን ልትሆን ነው?» አለና እንደገና አሳቃቸው። እሷ ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ከደወል እስከ ደወል ወንበር ሲጠብቁ የሚውሉ ሰዎች ቢስቁባት ምን ይጎዳታል? በልቧ ግን አንድ በአንድ መዘነቻቸው፤ ሁሉም ቀለሉባት።

የተሰጣት ክፍል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ነበረች። የመስኮቱ መስታወት እስከ ግማሹ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የአልጋው አንድ እግር አጥሮ በታጠፈ ወረቀት ተደግፏል። በመጀመሪያው ጠዋት ጸሎቷን አድርሳ አልጋውን ስታነጥፍ ወረቀቱን ጎትታ አየችው። የአምናና የካቻምና የሳይንስ ፈተና ነበር። የአምናው ጥያቄ አንድ፣ «የማይክሮስኮፕ ክፍሎችን ዘርዝር» ይላል። የካቻምናው ጥያቄ አንድም ያው ነው። መልሳ ከአልጋው እግር ሥር አደረገችው። ወረቀቱ በዕድሜው የሠራው ጠቃሚ ሥራ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም አለች።

የዚያ ፈተና አውጪ የሷው ተቆጣጣሪ ነበር፤ የሳይንስ መምህሩ፣ ተማሪዎቹ ከጀርባው «ባለቁልፉ» የሚሉት። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሰው ነው። በጥቁር ክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠላት ቁልፍ በሸሚዙና በደረቱ መሀል ትኖራለች፤ ሲናደድ በሸሚዙ ላይ ይዳብሳታል። የቁልፉ ቤት በሳይንስ ክፍል ጥግ ያለ የመስታወት ሳጥን ሲሆን፣ በውስጡ የትምህርት ቤቱ ብቸኛ ማይክሮስኮፕ ቆሟል።

የማይክሮስኮፕ ትምህርት ሲደርስ ባለቁልፉ ሳጥኑን እንደተቆለፈ ሁለት ተማሪ አሸክሞ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በማስመሪያ መስታወቱን ከውጭ ኳ ያደርጋል።

«ይህ?»

«እግር!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ይህ?»

«ክንድ!»

«ይህስ?»

«የዐይን ሌንስ!»

ተለማማጇ በመጨረሻው ወሯ ከኋላ ወንበር ሆና ይህን ሦስት ክፍል ሙሉ አየች። ልጆቹ ሥዕሉን አሳምረው ይስላሉ፤ ቀስቱን እንኳ በማስመሪያ ነው የሚያሰምሩት። ደወል ሲደወል ሳጥኑ እንደተቆለፈ ወደ ጥጉ ይመለሳል።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያዩበት?» አለችው።

«ማን?»

«ተማሪዎቹ።»

«አሁን አላዩትም?»

«እሱንማ አዩት። በሱ ነው ያልኩት፣ ዐይናቸውን አስጠግተው።»

ባለቁልፉ ደረቱን ዳበሰ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ንብረት ነው» አለ። «ንብረት» ሲል ድምፁ ሌላው ሰው የበኩር ልጁን ስም ሲጠራ እንደሚለሰልሰው ለሰለሰ። «ሰባ ተማሪ ዐይኑን ከለጠፈበት ምን ይተርፈዋል?»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ተለማማጇ ይህን በልቧ አለች። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም ከዚያው ነው የተነሣነው። አለማወቅን በመስታወት ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን አንገት ላይ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ናቀችው፤ ንቀቷንም «እሺ ጋሼ» በሚል ጨርቅ ጠቅልላ ያዘችው።

በሳምንቱ ተራው የሷ ሲሆን ቀጭን ሽቦ ይዛ ገባች። ጫፉን እንደ ቀለበት አጠማዘዘችው፣ ውኃ ነከረችው፣ ቀለበቱ ውስጥ አንድ ጠብታ ተንጠለጠለ። ያንን ጠብታ በቅጠል ላይ ይዛ ልጆቹን በተራ አስጠጋቻቸው። የቅጠሉ ጅማት ገመድ አክሎ ታየ። አንዷ ልጅ «ውይ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ተመልሳም አየች። ክፍሉ ተገፋፋ፣ ተጯጯኸ። ተለማማጇ ሦስት ወሯን ሙሉ ደስ ያላት ያን ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም ብዙ አልቆየም። የክፍሉ አንደኛ የሆነው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የዚህ ክፍሎች ስንት ናቸው?»

«ክፍል የለውም፤ ሽቦና ውኃ ነው።»

«ፈተና ላይ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

ልጁ እስክሪብቶውን ከደነ። እሱን አይቶ ጎረቤቱ ከደነ። ቅጠሉን ያላዩት እንኳ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። መምህር ደቀ መዝሙሩን ይመስላል ወይስ ደቀ መዝሙር መምህሩን? ለሷ በዚያች ደቂቃ ልዩነት አልነበረውም። ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

ባለቁልፉ በማግስቱ ጠራት። ስለ ሽቦው ሊቆጣት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ሳበላት። በዚያ ቤት ወንበር የሳበላት ሰው የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ከፊቱ ሁለት ወረቀት ዘርግቷል። አንደኛው የሷ የልምምድ ውጤት መሙያ ነው፤ በየመስመሩ ነጥብ ገብቷል፣ ከግርጌው ዘጠና ሁለት ይላል። ሁሉም ግን በእርሳስ ነው።

«በእስክሪብቶ ልሂድበት አልሂድበት የምትወስኚው አንቺ ነሽ» አለ። ሁለተኛው ወረቀት የንብረት ርክክብ ቅጽ ነበር። ማይክሮስኮፕ፣ አንድ፣ የተሟላ። አስረካቢ እሱ፤ የተረካቢው ቦታ ባዶ።

«እኔ? እኔ እኮ በወሩ መጨረሻ ሂያጅ ነኝ።»

«ለዚያ አይደል! እዚህ ያሉት ፈሪ ናቸው። ሳላስረክብ ክሊራንስ አይሰጡኝም፤ ያለ ክሊራንስ ጡረታ የለም። አንቺ ፈርመሽ ትሄጃለሽ፤ በሰው አገር ማን ይፈልግሻል?»

«እሺ ጋሼ። መጀመሪያ ልየው።»

«ሰው አታምኚም እንዴ?»

«ሰው አምናለሁ። ዕቃውን ነው ልየው ያልኩት።»

ደረቱን ዳበሰ። ከዚያ ክሩን በራሱ ላይ አውጥቶ ሳጥኑን ከፈተላት። ማጠፊያው ተንጫጫ፤ ከተከፈተ ዓመታት እንዳለፉት ያስታውቃል። ተለማማጇ ዐይኗን ወደ ቱቦው አስጠጋች። ያየችው የጠረጴዛውን እንጨት ነው፣ እንደ እንጨትነቱ፣ ሳይተልቅ ሳያንስ። እስክሪብቶዋን ከላይ ሰደደች። በታች ወጣ። የዐይን ሌንስም የታች ሌንስም የለም።

«ስረከበውም እንዲሁ ነበር» አለ ባለቁልፉ፣ ሳያፍር። «ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ሲረከቡ አላዩትም?»

«ያስረከበኝ የራሴ መምህር ነው። መምህሬን ልጠርጥር?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ጋሼ።»

«ተረቱን ተዪውና እስከ ዓርብ አስቢበት።»

ልታዝንለት ሞከረች። ሸበቶ ነው፣ የልጆች አባት ነው፣ የተታለለ ሰው ነው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ባዶ ቱቦ በማስመሪያ እየነካ «ይህስ?» ሲል፣ ሰባ ሕፃንም «ሌንስ!» ሲልለት ታያትና ኀዘኑ እምቢ አላት። ለታላቅ እህቷ ደወለች፤ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«ፈርሚና ነይ!» አለች እህቷ። «የሰው አገር ሌንስ አንቺን ምን አገባሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«እትዬ፣ የሌለ ነገር ነው እኮ ተረከብኩ በዪ የሚሉኝ።»

«እኔስ የሌለ ባል ተረክቤ ዐሥራ አራት ዓመት ኖሬ የለ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እህቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብትወድቂ ግን አንድ ዓመት ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አለቻት። «አውቃለሁ» አለች ተለማማጇ። ያን ቀን ጸሎቷ አጭር ነበር። የምትለምነው እንኳ ምን እንደሆነ በደንብ አልያዘላትም፤ ማለፍም ትፈልጋለች፣ አለመዋሸትም ትፈልጋለች፤ ሁለቱን ባንድ አፍ መለመን ከበዳት።

ዓርብ በዳይሬክተሯ ቢሮ ተገናኙ። ዳይሬክተሯ፣ ባለቁልፉ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛው፣ እሷ። ሳጥኑም እንደ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ተሰይሟል። ሠራተኛው ቅጹን ዘረጋላት፤ ጣቱን ከተረካቢው ቦታ ላይ አኖረ። እሷ ግን እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ ወሰደችና «ምርመራ» በሚለው ዓምድ ላይ ጻፈች፦ ሌንሶቹ የሉም፤ ከፍቼ አይቻለሁ።

ሠራተኛው ቅጹን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ምን አደረግሽ? ይሄ ዓምድ እኮ አይሞላም!»

«ታዲያ ለምን ተሠራ?»

«ባዶውን እንዲተው ነዋ! ቅጹ ተራ ቁጥር አለው፤ አሁን ይሄን ተበላሽቷል ብዬ ልሰርዝ ነው?»

ተለማማጇ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። ሳጥኑ ከሴትየዋ ክንድ አንድ ስንዝር ነው፤ ቁልፉም ባለቤቱ አንገት ላይ አለ። ከፍቶ ለማየት መነሣት እንኳ አያስፈልግም። ዳይሬክተሯ ሳጥኑን ሳይሆን ቅጹን አየችና፣ «ስንት ቅጽ ቀርቶናል?» ብላ ሠራተኛውን ጠየቀች።

«ሦስት።»

«አንድ አምጣ። የስፖርት መምህሩንም ጥራልኝ።»

የስፖርት መምህሩ ከሜዳ እያላበው መጣ። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነበር፤ «የቱ ጋ ነው?» ለማለት አወጣው። ሠራተኛው ጣቱን አሳየው። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ፤ ዐይኑ የቀረው በመስኮት፣ ኳሱ ላይ ነበር። ባለቁልፉ ክሩን በራሱ ላይ አውጥቶ አጠለቀለት። ቁልፏ ከፊሽካው ጎን ተንጠለጠለች፤ ሰውየው እየሮጠ ሲወጣ ሁለቱ ሲንኳኩ ይሰማ ነበር። በቃ። ማይክሮስኮፕ፣ አንድ፣ የተሟላ።

ባለቁልፉ አሁን ቁልፍ የለውም፤ እጁ ግን በልማድ ደረቱን ዳበሰ። ከዚያ የውጤት ወረቀቷን አውጥቶ ላጲስ አነሣ። አንዱን መስመር አጠፋ፣ ብናኙን እፍ አለ፤ ቀጣዩን አጠፋ፣ እፍ አለ። ለአንድ ሰው ውጤት ይህን ያህል ሲደክም በሦስት ወር አይታው አታውቅም። በእስክሪብቶ ሞላ፣ ደመረ፣ ፈረመ። ዳይሬክተሯ ከሥሩ ፈረመች፣ ማኅተም መታች።

«እዚህ ጋ "ውጤቴን አይቻለሁ" ብለሽ ፈርሚ» አለች፣ ሰዓቷን እያየች።

ከግርጌው ሃምሳ አራት ይላል። ዓመቱ ሄደ። ተለማማጇ ቅሬታዋን ፊቷ ላይ አላወጣችውም። እነዚህ ሰዎች እንባዋን ካዩ ለሱም ቅጽ የሚያመጡለት መስሏታል። ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች፣ ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች።

«እንዴ፣ ምኑን ነው የምታነቢው?» አለ ሠራተኛው።

«አይቻለሁ ብዬ አይደል የምፈርመው? እያየሁ ነው።»

ደወል ተደወለ። ማንም ሊወጣ አልቻለም፤ ሁሉም ከደረቷ ሥር ያለውን ወረቀት ይጠብቃል። ዕቅድ፣ ዐሥራ አራት። አቀራረብ፣ ዐሥራ ሦስት። የክፍል አያያዝ፣ ዐሥራ አምስት። መርጃ መሣሪያ፣ ዐሥራ ሁለት። ከባልደረባ ጋር ተግባብቶ መሥራት፣ ሁለት። በጣቷ አንድ በአንድ ወረደች፣ ደግማ ወጣች።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ስድስት ነው።»

«ምኑ?»

«ድምሩ። ይቺን መጨረሻ ላይ ያለችውን ሁለት ረስተዋታል።»

ባለቁልፉ አየ። ጆሮው ቀላ። «ምን ለውጥ አለው? ያው ወዳቂ ነሽ።»

«ወዳቂ ነኝ። ድምሩ ግን ሃምሳ ስድስት ነው። ያርሙትና እፈርማለሁ።»

ዳይሬክተሯ ተነፈሰች። «ማኅተም ተመትቶበታል እኮ!»

«እጠብቃለሁ» አለች ተለማማጇ፣ ወንበሯን እያደላደለች። «ሌላ ቅጽ ያስመጡ።»