በጠርሙስ የመጣው የደጋ አየር

"እግርህን አንሳ! አንሳ አልኩህ እኮ!" አለ ኻሊድ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ዳሽቦርዱን በመዳፉ እየመታ።

መርሻ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳ። ወደ አሰብ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስትበር የነበረችው አሮጌ ፊያት 124 ረገብ አለች፤ ከኮፈኑ ስር ይሰማ የነበረው ኳኳታም አብሮ ጠፋ። ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከትቶ እንደ መነቅነቅ ያለ ድምፅ ነው። መርሻ በሰማው ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

"ካንዴላዎቹን አይተሃቸዋል፤ ነጥተው አመድ መስለዋል" አለ ኻሊድ። አሰብ ተወልዶ ያደገ የወሎ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጋራዥ ከፍቶ የከተማዋን መኪኖች ሁሉ ያክማል። "አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷታል። ወላሂ፣ አንድ ቀን ፒስተኑ ቀልጦ ይበሳና ሌላ ከየት ታመጣለህ? ወይ ቡሎኗን ላስፋት፣ ወይ ቱርቦውን አውልቄው ልገላገል።"

ቡሎኗ የሚላት ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል የነሐስ ቁራጭ ነው። መሐሏ ላይ ባለችው ቀዳዳ ለሞተሩ የሚሄደውን ቤንዚን የምትመጥን እሷ ናት።

"ቡሎኗ አትነካም። ጋሼ ውብሸት በእጁ የሠራት ናት።"

"እንግዲያው ጋሼህ ቤንዚን ይሰስት ነበር።"

መርሻ ያቺን ቡሎን ታላቅ ወንድሙ ውብሸት አዲስ አበባ ሳለ ቀዳዳዋን ደፍኖ፣ ከቀድሞው አጥብቦ እንደገና እንደበሳት ያውቃል፤ ለምን እንዳጠበባት ግን አያውቅም። ከተጋጨች የጃፓን መኪና ቱርቦ ነቅሎ ለፊያቷ የገጠመላትም እሱ ነው። ቀንድ አውጣ የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረች አየር ወደ ሞተሩ ትጠቀጥቃለች። ውብሸት መኪናዋን አስነስቶ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ያይ ነበር። ሲሞት ሚስቱ ዘሪቱ ፊያቷን በካሚዮን አስጭና አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ለሚሠራው ለመርሻ ላከችለት። መርሻ መርዶው ዘግይቶ ስለደረሰው ቀብሩ ላይ አልተገኘም፤ ከዚያ ወዲያ በእፍረት ወደ ላይ አገር፣ ወደ ደጋው፣ ወጥቶ አያውቅም። ዛሬ ዘሪቱ ራሷ ልታየው ትመጣለች። ይህን ኳኳታ ሰምታ፣ የባሏ ሥራ ከንቱ ነበር ብላ ብትመለስስ? ቡሎኗ ከምትነካ ይሻላል ብሎ፣ እሷ እንደሄደች ቱርቦው እንዲወልቅ ለኻሊድ ቃል ሰጠው።

አሰብ የሌላ አገር ከተማ ከሆነች ሦስት ዓመት ቢሞላትም፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን እንደ ድሮው ይመጣል። ዘሪቱ ከአውሮፕላኑ ወርዳ ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለች። መርሻን ስታየው አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"መርሻዬ! ከሰል መስለህ የለም እንዴ!"

"እትዬ ዘሪቱ፣ እንኳን ደህና መጣሽ" አላት።

ዘሪቱ መኪናዋ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ ኻሊድ ወደ ኋላ አለፈ። መርሻ ቀስ ብሎ ነዳ። ጥቂት ታግሳው፣ "ምነው ሬሳ የጫንክ መሰለህ? ቤንዚን ስጣት እንጂ!" አለችው።

ሰጣት። ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ፤ መኪናዋ ወደ ፊት ተስፈነጠረች፤ ወዲያው ኳኳታው መጣ። የዘሪቱ ፊት ጠቆረ።

"ድምጿ እንዲህ አልነበረም። ምን አደረጋችኋት?"

"ሙቀቱ ነው" አለ መርሻ። አሰብ ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ በሙቀቱ ላይ ይላከካል፤ ሰዓት ቢቆም ሙቀቱ ነው፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉም ሙቀቱ ነው።

ዘሪቱ አላመነችም። ውሃ አማራትና፣ የሚቀዳባትን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች። "ይችንስ ደግሞ ማን ጨፈለቃት? ከአዲስ አበባ ስነሳ ጠጥቼ ጨርሼ፣ ክዳኗን ጥብቅ አድርጌ ነው የያዝኳት። ቦርሳዬን ከጉልበቴ አላወረድኩም።"

ጠርሙሷ በማይታይ እጅ እንደተጨመቀች ሁሉ ጎኖቿ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል። መርሻ መንገዱ ዳር አቆመ። ማጣሪያው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የግፊት መለኪያ ነው፤ ይህን ግን አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

"ማንም አልነካትም" አለ። "አየሩ ነው።"

"የቱ አየር?" አለ ኻሊድ ከኋላ።

"ይሄ! የምንተነፍሰው! እስኪ ስሙ።" ክዳኗን ላላ አደረገ። ጠርሙሷ ሽው ብላ አየር ሳበች፤ ጎኗ ቷ ብሎ ወጣና እንደ ነበረች ሆነች።

ከባሕሩ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ በመስኮቱ ይገባል። መርሻ ስንት ዓመት በውስጡ ሲመላለስ ምንም ነው ብሎት የነበረው አየር ክብደት ኖሮት፣ ከሰማይ እስከ ምድር ተደራርቦ በእያንዳንዱ ነገር ላይ ተጭኖ ኖሯል!

"ሱብሃነላህ" አለ ኻሊድ ቀስ ብሎ።

"መኪናዋ እዚህ የወረደችው ተጭና ነው፤ ድምጿ ሲለወጥ ማንም አልሰማም" አለ መርሻ። "ላይ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል። ጋሼ ቡሎኗን ያጠበባት ለዚያ አየር ነው። እኛ ባሕር አጠገብ አምጥተን ወፍራሙን አየር በቱርቦው ጠቀጠቅንባት። ቤንዚኑ ከየት ይድረስላት? ጋሼ አልተሳሳተም፣ ኻሊድ!"

ኻሊድ አፉን በመዳፉ ያዘ። ከዚያ ወደ ዘሪቱ ጎንበስ አለ። "እህቴ፣ ባልሽን ቤንዚን ይሰስታል ብየዋለሁ። አፉ በይኝ።"

"እሱ እንኳን ቤንዚን፣ ደሞዙንም አይሰስት" አለች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ።

ጋራዡ ሲደርሱ ኻሊድ አሰብ ላይ ካረጁ የጣሊያን መኪኖች የለቀማቸውን ቁርጥራጮች ከቆርቆሮ ሣጥን ዘረገፈ። አንዲት ቡሎን መርጦ፣ ከካርቡራተሩ ከፈታት ከውብሸት ቡሎን አጠገብ ወደ ፀሐይ ያዛት። በውብሸት ቡሎን በኩል መርፌ የምታክል ብርሃን አለፈች፤ በአሰቧ በኩል ደግሞ ወፈር ያለች። ልዩነቱ ለዓይን እንኳ አይሞላም። መርሻ ካቻቢቴውን ከኻሊድ እጅ ወስዶ ራሱ ቀየራት።

ወደ በይሉል በሚወስደው መንገድ ወጡ። መርሻ ፈራ ተባ እያለ እግሩን ጫነ፤ የጠጠሩን ድምፅ ጠበቀ፤ አልመጣም። እስከ መጨረሻው ጫነ። ቱርቦው ከፍ ብሎ ዘመረ፤ ሞተሩ በሙሉ ደረቱ ተነፈሰ፤ ፊያቷ መሬት የለቀቀች መሰለች። ዘሪቱ ዓይኗን ጨፍና፣ "እሱ ነው። በቃ እሱ ነው" አለች። ሲቆሙ ኻሊድ አንድ ካንዴላ ፈትቶ አየ፤ ንጣቱ ጠፍቶ የተቆላ ስንዴ መስሏል።

ጋራዡ ተመልሰው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ኻሊድ የውብሸትን ቡሎን ከሌሎቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ጣላት። መርሻ ፈልጎ አወጣት፤ በሸሚዙ ጠረገና የዘሪቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ቋጠራት።

"ለማስታወሻ ነው?" አለችው።

"አይደለም። ለፋሲካ በመኪናዋ ነው የምመጣው። ላይ አገር ስደርስ ይሄኛዋ ቤንዚን አብዝታ ታፍናታለች፤ የጋሼን መልሼ አስገባለሁ።" ቋጠሮውን ሳይለቅ ቀና አለ። "እትዬ ዘሪቱ፣ መቃብሩ ድረስ መኪና ይገባል?"

ዘሪቱ ቋጠሮውን አጥብቃ ደገመችው።

"ይገባል" አለች።