መብራት ያልገባበት ቤት

በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ቶሎም ወጣ። መስከረም ላይ በረዶ ጣለ። ጥቅምት ላይ ውርጭ መጣና ከአንኮበር በላይ ያለውን ገብስ እሸት ሳለ አነጣው። ሰው አጭዶ ለከብት ሰጠው። ከብቱም ብዙ አልወደደው።

የተረፈው ከገደሉ ጥግ ያለው የቦሰና ማሳ ብቻ ነበር፤ ቋጥኙ ከውርጩ ጋርዶታል። ቦሰና ባሏ ዘርአ ዳዊት ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ልጆቿ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብተዋል፤ ለአጨዳ ፈቃድ አላገኙም። ገብሱ ደርሷል፤ ሰማዩ ደግሞ ያለወቅቱ እየጠቆረ ነው። ዝናብ ከቀደመው በቆመበት ሊበቅል ነው። የዓመት ቀለቧ እሱ ብቻ ነው።

ጎረቤቷ ባየው ይህን ሲያይ በልቡ ቀኑ ደረሰ አለ።

ባየው የዘርአ ዳዊት የአንድ ቀን ወንፈል አለበት። በአገሩ ወግ ዛሬ አንዱ የሌላውን ያጭዳል፤ በማግስቱ ያኛው የዚህኛውን ያጭድለታል። ዘርአ ዳዊት የባየውን ገብስ አጭዶ ጨረሰ። የባየው ተራ ሲደርስ ግን የባየው ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማጭድ ቀርቶ ኩባያ መያዝ አቃተው። ዓመት ባለፈ ቁጥር ባሰበት። ዘርአ ዳዊት ሊሞት ሲል አንዲት ማጭድ ስሎ ግድግዳው ላይ አኖረ፤ ለሚስቱም ይቺ የባየው ናት፣ መጥቶ እስኪያጭድባት ማንም እንዳያነሳት አላት። ማንም አላነሳትም።

ኋላ ባየውን አዲስ አበባ ወስደው አከሙት። ሐኪሞቹ ቀጭን ሽቦ ጭንቅላቱ ውስጥ አስገቡ። ሽቦው በአንገቱ ቆዳ ሥር ወርዶ ደረቱ ላይ ከተቀበረች ባትሪ ጋር ይገናኛል። ባትሪዋ ስትሠራ እጁ ይረጋል፤ ስትጠፋ የድሮው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ከብየዳ፣ ከትልልቅ ሞተርና ከማግኔት ራቅ ብለውታል። እሱ ከዚህ ሁሉ የያዘው ኤሌክትሪክን ነው። ደብረ ብርሃን ሲሄድ የበያጆቹን ሰፈር በሌላ መንገድ ይዞራል። ወፍጮ ቤት ደጃፍ አይቆምም። ቆጣሪ እንኳ ሲያይ ደረቱን በጋቢው ሸፍኖ ያልፋል።

የቦሰና ቤት መብራት አልገባበትም። ስለዚህ ሳይሰጋ ገባ። ማጭዷ ከጓዳው በር አጠገብ በደረት ልክ ነበረች። ሳብ ቢያደርጋት እምቢ አለች። ግድግዳውን በደረቱ ተደግፎ በሁለት እጁ ሲያላቅቃት መጣች። ደጃፉን ሳይሻገር ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንደምንም ማሳው ድረስ ሄደ፤ የመጀመሪያውን ጭብጥ ሲይዝ ጣቱን ቆረጠ። ማጭዷን ለቦሰና መልሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ልጁ ማኅደረማርያም የባትሪዋን መቆጣጠሪያ አምጥታ ደረቱ ላይ አስጠጋች።

“ጠፍታለች። አባዬ፣ ወፍጮ ቤት ሄደሃል እንዴ?”

“ቦሰና ቤት ነበርሁ።”

“እዚያ ምን አለ?”

“ምንም የለም።”

መልሳ አበራችለት፤ ጥቂት ቆይቶ እጁ ረጋ። በማግስቱ ሄደ፤ ማጭዷን ሲያነሳ ያው ሆነ፤ ልጁም ዳግመኛ አበራችለት። ማኅደረማርያም በሌላ ማጭድ ለምን አታጭድም ብትለው፣ ሟች በአፉ ከጠራት ማጭድ በቀር በሌላ የታጨደ አይቆጠርም ብሎ ዘጋት። ወሬው መንደሩን ዞረ። ወልደ ሰንበት የሚባል ነገረኛ ጎረቤቱ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ “ዘገየህበታ፤ ሟቹ ራሱ ነው እጅህን የያዘህ” አለው። ባየው አልሳቀም። የዘርአ ዳዊትን አያያዝ ያውቀዋል፤ ሲጨብጥ አጥብቆ ነበር የሚጨብጠው።

በሦስተኛው ቀን በአሊዩ አምባ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ባየው ሄዶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፤ ማጭዷን ግን አልነካትም። ዝም ብሎ ያያት ጀመር። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ሰውነቱን ውርር አደረገው። ማጭዷ የተሰቀለችበት ነገር የለም። ምስማር የለም፤ ችካል የለም። ልሙጡ ጭቃ ላይ እንዲሁ ቆማለች።

“ቦሰና፣ ይቺ ማጭድ ምን ይዟት ነው?”

ቦሰና ነገሩ አዲስ ሆነባት። “ምስማር አጥቶ ነዋ። ከተሰበረው ቴፕ ማግኔቱን ነቅሎ ጭቃው ውስጥ ለሰነው። ስንት ዓመት አየኸው፣ ዛሬ ገና ታየህ?”

ያኔ ሰምቶ የጣላት፣ ማግኔት የምትለው የሐኪሞቹ ቃል ትዝ አለችው። ሁለቱንም ቀን ደረቱን ያስደገፈው እዚያው ላይ ነው። ነገሩ ገባው፤ የቆመው ጸጉሩ ግን አልተኛለትም። ዘርአ ዳዊት ያንን ግድግዳ ሲለስን ባየው ደረቱ ላይ ምንም አልነበረውም።

“አንቺው አውርጂልኝ” አላት፤ ከደጅ ሆኖም ክንዱን ዘርግቶ ተቀበላት።

እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጎንበስ ብሎ ጀመረ። ቦሰና ከኋላ ከኋላው ነዶውን ታስራለች። በመሐል አንዴ ቀና አለ፤ በስተቀኙ፣ ዘርአ ዳዊት ተሰልፎ ያጭድበት በነበረው በኩል፣ ሌላ ማጭድ ገብስ ሲቆርጥ የሰማ መስሎት ነበር። ቦሰና ከኋላው በግራ ናት። ነፋስ አልነበረም። ዳግመኛ ወደዚያ አላየም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ጭብጥ ቆረጠ፤ ነዶውን ቋጥኙ ሥር ከምረው ሲጨርሱ ካፊያው ጀመረ።

ባየው ቦሰናን ተከትሎ እስከ ደጃፏ ሄደ፤ አልገባም። ማጭዷን በክንዱ ርዝመት ሰጣትና ወደ ጨለማው ቤት አየ።

“ዘርአ ዳዊት፣ ወንፈልህን መለስሁ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቦሰና ማጭዷን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ገና ሳታደርሳት ማጭዷ ከእጇ አምልጣ ጧ ብላ ተለጠፈች። ባየው ቀኝ እጁን አየ። ረግቷል። ጋቢውን ደርቦ ወደ ቤቱ ወረደ።