በሬዲዮ የሞተው እሳት ጎራሽ

ሮላ ማርቲንስ አባቷን የገደለችው በሬዲዮ ነው። የሌጎስ ጋዜጠኛ «አባትሽስ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ብዙም ሳታስብ «መሐንዲስ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ነው የሞተው» አለች። ጋዜጠኛው ነፍስ ይማር አለና ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ውሸቱ እዚያው የሚቀር መስሏት ነበር።

እውነተኛ ስሟ ሞሮላዮ ኦጉንዲራን ነው። አባቷ ኢባዳን ከተማ ውስጥ በሕይወት አለ። ፊልም በቪዲዮ ካሴት በሚሸጥበት ዘመን «የኢራዋ ሰይፍ» በተባለው ፊልም ላይ እሳት ጎራሹን ጠንቋይ ሆኖ የተጫወተው እሱ ነበር። ፊቱን ኖራ ተለቅልቆ፣ ራሱ ላይ የዶሮ ላባ ሰክቶ፣ ዓይኑን እያጉረጠረጠ ጀግኖችን ፍየል ያደርጋቸዋል። ያላየው ሰው አልነበረም። በትምህርት ቤት ልጆቹ እየተከተሉ «የእሳት ጎራሹ ልጅ! ቁርስሽ ከሰል ነው የሚባለው እውነት ነው?» ይሏት ነበር። አድጋ ራሷ ተዋናይ ስትሆን መጀመሪያ ያደረገችው ስሟን መቀየር ነው።

ታዲያ ዲፖ የሚባል ዳይሬክተር ያንኑ ፊልም እንደ አዲስ ሊሠራው ተነሣና ሰይፍ ታጣቂዋን ንግሥት እንድትሆን እሷን መረጠ። እንዲህ ያለ ቦታ ተለምኖም አይገኝ፤ እምቢ ማለት አቃታት።

አቤኦኩታ ከተማ፣ ቋጥኞቹ ሥር ቀረጻው በተጀመረ ሰሞን፣ ምሳ ላይ ሠራተኞቹ የድሮውን ፊልም በስልክ ከፍተው ተሰበሰቡ።

«እየው፣ እየው! ሰይፉ ታጠፈ! ካርቶን ነው እኮ!»

«መብረቁስ? የጎረቤት ብየዳ ነው መሰለኝ!»

ጠንቋዩ ብቅ ሲል ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ የሳቀችው ሮላ ናት።

ዲፖ ግን አልሳቀም። «ሳቁ፣ ግድ የለም» አለ። «እኔ በልጅነቴ ይኼን ሰውዬ አይቼ አልጋ ሥር ነው ያደርኩት። አሁን ኮምፒውተሩ የፈለግሁትን እሳት ይሠራልኛል። ሰው ግን አዲሱን ሊያይ የሚመጣው ያኔ የተሰማውን ፍለጋ ነው። እሱን ከየት አመጣለሁ? ስለዚህ ራሱን ሰውዬውን አስጠራሁት። መንገድ ላይ ነው።»

ሮላ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

አባቷ ባባ ኦጉንዲራን የተተኮሰ ሰፊ ቀሚሱን ለብሶ ከመኪና ወረደ። ወንዶቹ እንደ አገሩ ወግ መሬት ላይ ተዘርግተው፣ ሴቶቹ ተንበርክከው ተቀበሉት። ሮላ ለማታውቀው ሽማግሌ እንደሚደረገው ጉልበቷን ሸብረክ ብቻ አድርጋ «እንኳን ደህና መጡ፣ ባባ» አለች።

«ባባ፣ ይቺ ሮላ ማርቲንስ ናት፣ ንግሥታችን» አለ ዲፖ። «አባቷ በልጅነቷ ነው የሞተባት። ዛሬ በትዕይንቱ ሲረግሟት እንደ አባት ትንሽ ይራሩላት እንግዲህ።»

ሽማግሌው ትክ ብሎ አያት። የሆነ ነገር ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

«አይዞዎት፣ እመቤቴ። አባትዎን ነፍስ ይማር።»

አዝሎ ያሳደጋት ሰው «እርስዎ» አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ባባ እንደ ድሮው ኖራ ተለቅልቆ ቀረጻው ተጀመረ። ከኋላቸው አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ተወጥሯል።

«እሳቱ የታለ?» አለ ባባ።

«ኋላ እንጨምረዋለን፣ ባባ። እርስዎ መዳፍዎን ብቻ ይዘርጉ።»

«ሳላየው? ትንሽ ታገሡኝ።»

ባዶ መዳፉን አተኩሮ ያይ ጀመር። ቀስ በቀስ ዓይኑ ጠበበ፤ ወላፈን እንደ ነካው ሰው ፊቱን ገሸሽ አደረገ። መብራት የያዘው ጎረምሳ ሳይታወቀው አንድ እርምጃ ሸሸ። የሚስቅ ጠፋ። ከዚያ ባባ ጮኸ፦

«አንቺ ሴት! የማን ልጅ ነሽ?»

በጽሑፉ ላይ የሮላ መልስ «አባት የለኝም! የወለደኝ ሰይፌ ነው!» የሚል ነው። ስታጠናው ወድዳው ነበር። አሁን አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ዲፖ አስቆመና እንደገና አስጀመረ። እንደገናም አልወጣም።

ባባ ጠጋ አለና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «በይው፣ ልጄ። ሥራ ነው» አላት።

አለችው። እንባዋ እየወረደ፣ በሹክሹክታ፣ አባት የለኝም አለች። የቀረጻው ቦታ በጭብጨባ ተናወጠ። «ኧረ ጉድ! ይኼንን የት ደብቀሽው ነበር?» እያለ ዲፖ ሊያቅፋት ሮጠ።

ገፋችው። «አባቴ አልሞተም» አለች። «ይኸው። እሱ ነው። በሬዲዮ ዋሽቼ ነው።»

ዲፖ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የሁለቱን ግንባር፣ የሁለቱን ቅንድብ አየና ሳቁን ዋጠ። ሮላ አባቷ እግር ሥር ሙሉ በሙሉ ተንበረከከች። ስትናዘዝ እሱን የምታስከብረው መስሏት ነበር። ቀና ስትል ግን ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም። እስካሁን በሰው ዘንድ የተከበረ ተዋናይ ነበር፤ አሁን የገዛ ልጁ በቁሙ የቀበረችው ሽማግሌ ሆኖ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሟል። የሚያይበት ጠፍቶት ኖራውን ከጣቱ ይፍቃል።

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት ዝግ ብሎ። «እቤት ቢነገር አይሻልም ነበር?»

ኑዛዜውንም ቢሆን ለራሷ ብላ እንዳደረገችው ያኔ ገባት።

ፊልሙ ኢባዳን ሲታይ አጠገቡ ተቀመጠች። እሳት ጎራሹ ሲመጣ አዳራሹ በአንድ እግሩ ቆመ፤ ጎልማሶች እንደ ሕፃን ጮኹ፤ ከኋላ አንዲት ሴት «እናቴን! ራሱ ነው! ሽሹ!» ብላ የልጇን ዓይን ሸፈነች። ባባ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ሰማሻት?» እያለ በክርኑ ይጎሽማታል። ሮላም አዎ አለች። አባት የለኝም የምትልበት ቦታ ሲደርስ ግን ወደ ሸራው ማየት አልቻለችም፤ የራሷ ሹክሹክታ በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች አዳራሹን ሲሞላ፣ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ተክላ እስኪያልፍ ጠበቀች። ባባም መሳቁን አቁሞ ነበር።