የኖትቡርጋ ካቻቢቴ

ኖትቡርጋ በቲሮል ተራራ ሥር የበረዶ ሸርተቴ ስታከራይ አርባ ክረምት ሆኗታል፤ ሰው ግን ለነፍስ አባቱ የማይዋሸውን ለእሷ ይዋሻል። ወንዱ ችሎታውን ይጨምራል፣ ሴቷ ክብደቷን ትቀንሳለች። ጫማውን ከሸርተቴው ጋር የሚይዘው ብሎን የሚጠብቀው ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ ልክ ነው። ያለልክ ከጠበቀ፣ ሰውየው ሲወድቅ ሸርተቴው አልለቅ ብሎ ጉልበቱን ይበጥሳል።

አንድ ጠዋት ዋልበርት የሚባል ከተሜ ከሙሽሪት ሚስቱ ጋር ገባ። ሄልሜቱ፣ የጀርባ መከላከያው፣ የክርን ትራሱ፤ ጦር ሜዳ የሚሄድ ይመስላል።

«ችሎታህ እንዴት ነው ልጄ?»

«የተካንኩ ነኝ። አጥብቀው ይሰሩልኝ እማማ» አለ፣ ሙሽራይቱን በጎን እያየ።

«አምና ስንት ቀን ተንሸራተትክ?»

«አምና እንኳን ጊዜ አልነበረኝም።»

«ካቻምናስ?»

ሙሽራይቱ ሳቋን በጓንቷ አፈነች። ኖትቡርጋ ጎንበስ ብላ ካቻቢቴዋን አዞረች። ዋልበርት ያጠበቀችለት መስሎት አመስግኖ ወጣ፤ እሷ ግን ለጀማሪ በሚሆነው ልክ አላልታዋለች።

ከምሳ በኋላ በረዶ በበረዶ ሆኖ፣ ሸርተቴውን ተሸክሞ፣ ሙሽራይቱን አስከትሎ ተመለሰ።

«እማማ፣ ይሄ ዕቃዎ ጉድ ሠራኝ! ገና ስወድቅ ከእግሬ ወልቆ ቁልቁል ሄደ! ሙሽራዬ ፊት!»

«እዚህስ በምን መጣህ?»

«በእግሬ ነዋ!»

«እንግዲያው ዋናው ዕቃ አልጠፋም» አለችና ካቻቢቴዋን አነሳች። «እስቲ ችሎታህን ድገምልኝ።»

ዋልበርት ጣሪያውን እያየ፣ «ጀማሪ» አለ።

ሙሽራይቱም ወደ ኖትቡርጋ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እማማ፣ የኔም ክብደት ላይ ስድስት ኪሎ ይጨምሩበት» አለቻት።